እስከ ላይኛው ሰፈር የሚመጣ አውቶቡስ

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 4

ቶሎ ቶሎ ልጻፈው፣ የምሳ ሰዓት ሊያልቅ ነው። ዛሬ ጠዋት ልጄ ፈረቃዋ አመለጣት። ዝናቡ ሲወርድ አድሮ መንገዱ ሊጥ ሆኗል። እንደ ሁልጊዜው ሳይነጋ ባትሪዬን ይዤ ልሸኛት ወጣሁ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ግራ ጫማዋን ጭቃው ዋጠው። እሷ ትከሻዬን ይዛ በአንድ እግሯ ቆማለች፣ እኔ ባትሪውን በአፌ ነክሼ እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ እፈልጋለሁ… ጫማው ወጣ፣ ማሰሪያው ቀረ። "በቃ ተይው፣ ዛሬ እንመለስ" አልኳት። "አባዬ፣ እኔን የሚጠብቀኝ በሽተኛ ነው፣ እንዳንተ ጣሳ አይደለም!" ብላኝ ሮጠች። ከኋላዋ ሮጥኩ። የጡብ ፋብሪካው አጥር ጋ ውሾቹ ተነሱብን፣ ድንጋይ አነሳሁ፣ ሳልወረውረው ጣልኩት… ታች ዋናው መንገድ ስንደርስ አውቶቡሱ ጀርባውን ሰጥቶን ሄደ። ቀዩ መብራቱ ዝናቡ ውስጥ እየቀለጠ እየቀለጠ ሲጠፋ አየነው።

እሷ ሆስፒታል ነርስ ናት። እኔ የቀለም ፋብሪካ መጋዘን ነው የምሠራው። ጣሳ ቢጠብቅ አያመውም፤ እውነቷን ነው።

ጭቃው ክንዴ ላይ ደርቋል። ዕቃ መመዝገብ ሲገባኝ እሱን እየፈረፈርኩ አረፈድኩ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 6

እራት ላይ ተናገረችው። ሆስፒታሉ አጠገብ አንድ ክፍል አይታለች፣ ከሥራ ጓደኛዋ ጋር ሊከራዩት። "እስከ ጥር አያለሁ። መንገዱ እንዲህ ከሆነ ግን እወጣለሁ" አለች። እናቷ ሳህኑን አነሳች። መልሳ አስቀመጠችው።

የሚያስፈሩኝ፦
ብቻዋን የምትከፍተው በር።
የማናውቀው አከራይ።
ብትታመም… ነርስ ናት፣ እሺ፣ ይሄ ይሰረዝ።
ጠዋት ጠዋት ባትሪ ይዤ የምወጣበት ምክንያት ማጣት።

የመጨረሻውን ለምን ጻፍኩት?

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 15

ስብሰባው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነበር፣ የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ክፍል። ትልልቅ ሰዎች ሁላ ጉልበታችንን አገጫችን ስር አድርገን የሕፃን ዴስክ ላይ ተቀመጥን። ግድግዳው ላይ የዝሆን ሥዕል አለ። ዝሆኑ የሚያዝንልን ይመስል ነበር።

ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ሰውዬ አስረዳ። አውቶቡሱ ታች ዋናው መንገድ ላይ ይቆማል፤ እኛ ሰፈር ድረስ እንዲወጣ መንገዱ መጠገን አለበት፣ ተጨማሪ መኪና ያስፈልጋል፣ ሹፌር ያስፈልጋል። ገንዘብ ግን የለም። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው የቤት ግብሩ ላይ ሩብ ልጨምር ካለ ይመጣል። መጀመሪያ ግን ቆጣሪ ይልካሉ፣ ጠዋት ጠዋት ስንት ሰው ወደ ታች እንደሚወርድ ለማየት። ቁጥሩ ከበቃ እጅ ይወጣል። ከአንድ ቤት አንድ እጅ።

ፀጉር ቆራጩ ተነሳ። ሆዱ ተቀርቅሮ ዴስኩም አብሮት ሊነሳ ነበር።

"እኔ ቤቴም ሥራዬም እዚሁ ነው፣ የትም አልሄድም። ለማልሳፈርበት አውቶቡስ የምከፍለው ምን በወጣኝ?"

"ደንበኛ ያመጣልሃላ!" አለው አንዱ ከኋላ።

"ይወስድብኛል እንጂ! አሁን እኔ ጋ የምትቆረጡት እኮ መውረዱ ቸግሯችሁ ነው።"

"እሱስ ማጅራታችን ይመሰክራል" አለ ሌላው። ክፍሉ በሳቅ ሞቀ።

ሳላስበው ቆምኩ። "እኔ እከፍላለሁ" አልኩ። ድምፄ ቀጠነብኝ። ሌላም ነገር ልል ነበር፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ ውሾቹ… ፀጉር ቆራጩ ቀደመኝ። "አንተማ ልጅህ እንዳትወጣብህ ነው። ማሰሪያውን ገመድ በጋራ እንግዛልህ ማለት ነው?"

በየት ሰማ? እዚህ ሰፈር ግድግዳው ከወረቀት ነው መሰለኝ።

እማማ ቁልፍ ከፊት ነበሩ። ሰዉ ሁሉ ሳይነጋ ወጥቶ ማታ ስለሚገባ ቁልፉን እሳቸው ጋ ነው የሚያስቀምጠው፤ ሲራመዱ ይንሿሿሉ። "ልጄ፣ ሩቡ በገንዘብ ስንት ይመጣል?" ብለው ጠየቁ። ሰውዬው ነገራቸው። ወገባቸው ላይ ያሉትን ቁልፎች አንድ በአንድ ሲዳስሱ አየሁ።

እሁድ፣ ነሐሴ 16

ሕልም። አውቶቡሱ መጣ። ጎማ የለውም፣ ከመሬት ከፍ ብሎ እንደ ጉም ይንሳፈፋል። በራችን ላይ ቆመ። ውስጡ ውሃ የሚመስል ብርሃን ሞልቶበታል። የሞተችው እናቴ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች፣ የትምህርት ቤት ሸሚዜ ላይ። "ግባ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?" አለችኝ። "ልጅቷን" አልኳት። "እሷማ ቀድማ ገብታለች" አለችኝ። ገብቼ ወንበሩን ሁሉ ፈለግሁ… የለችም።

ነቃሁ። ከጎኔ ባለቤቴም ነቅታለች። "ምን እያልክ ነበር?" አለችኝ። "አውቶቡስ" አልኳት። "በሕልምህም ግብር ትሰበስባለህ?" ብላኝ ዞራ ተኛች።

እሁድ፣ ነሐሴ 23

ቤት ለቤት ዞርኩ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ትስቃለች። "ግብር ጨምሩ ብሎ በር የሚያንኳኳ ሰው በዓለም ያለኸው አንተ ብቻ ነህ።"

አንዳንዱ ያስገባኛል፣ አንዳንዱ በመስኮት ያናግረኛል። አንዷ "ጋሼ፣ እርስዎ ደህና ሰው ነበሩ፣ ምን ነካዎት?" አለችኝ።

መጨረሻ ላይ እማማ ቁልፍ ጋ ገባሁ። ልል ያሰብኩት በሙሉ ጠፋኝ። ሴትዮዋ አንዷን ክፍል አከራይተው ነው የሚኖሩት፣ ሩቡ ይከብዳቸዋል። "ይቅርብዎ እማማ፣ እርስዎ የትም አይሄዱም" አልኳቸው።

"እኔማ የት እሄዳለሁ። ልጄ ግን ከተማ ነው" አሉኝ። "ሲመጣ እኮ አይቀመጥም። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ነው፣ ጫማውን እያየ። መመለሻውን ነው የሚያስበው… ውሃ እንኳ ቆሞ ነው የሚጠጣው።"

ከዚያ አንድ ቁልፍ አነሱና የማን እንደሆነ ረሱት። አብረን ስንፈልግ ቆየን። የእኛ ነበር።

ማክሰኞ፣ መስከረም 11

ነገ ቆጣሪው ይመጣል! ባለፈው ሳምንት ነው የነገሩን። ለሰፈሩ ሰው ይሄን ነገርኩ፦

ሁሉም ይውጣ፣ ሥራ የሌለውም።
ንጹሕ ልብስ ይለበስ። ከተማ የሚሄድ ሰው እንምሰል እንጂ እንደ ተባረረ አንምሰል።
መጋፋት የለም። በሰልፍ።
ጮክ ብሎ ማውራት፣ መሳቅ የለም። ቆጣሪው እንዳይሳሳት።

ልጅቷ አንብባው ግንባሯን ያዘች። "አባዬ፣ ሊቆጥሩን ነው እንጂ ፎቶ ሊያነሱን እኮ አይደለም።" ቢሆንም። ንጹሕ ሆኖ መቆጠር ምን ክፋት አለው?

ረቡዕ፣ መስከረም 12

ጉም ነበር። ስወጣ ማንም የማይመጣ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ከየበሩ ብቅ ብቅ አሉ። እንዴት ደስ ይላል! ወንዶቹ በጥቁር ሱፍ፣ ሴቶቹ በጥቁር ቀሚስ፣ ጫማው ሁሉ ተወልውሎ። መቼም የሁላችንም ጥሩ ልብስ ጥቁር ነው። አሮጊቶቹ ወንበር አስመጡ። ሕፃናቱ እንኳ ዝም። ጉሙ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ… የሆነ ሌላ ዓለም ላይ ያለን፣ ቀስ ብለን ወደ ላይ የምንነሳ መሰለኝ።

ቆጣሪው በሞተር መጣ። ሲያየን ሞተሩን አጠፋ። ኮፍያውን አወለቀ። ከፊት የቆምኩት እኔ ስለሆንኩ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣና እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አለኝ፣ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ።

ደግ ሰው! የመንገዱ መከራ ገብቶት ነው ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

"አሜን" አልኩት።

ቆሞ ትንሽ ጻፈ። ከዚያ ሞተሩን እየገፋ፣ ሳያስነሳው፣ እስከ ማዞሪያው በእግሩ ሄደ።

ሐሙስ፣ መስከረም 13

ሁሉም እጄን እየጨበጠ ያመሰግነኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው መሰለኝ በዚህ ሰፈር አንድ ነገር ያሳካሁት። መጋዘን ውስጥ ጣሳዎቹን እያየሁ አውቶቡሱ የምን ቀለም እንደሚሆን አሰብኩ። ሰማያዊ? ሰማያዊ ጉም ውስጥ አይታይም። ብርቱካን ይሁን… ማን ጠየቀኝ?

ማክሰኞ፣ መስከረም 25

ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። በመስኮቱ ያለችው ልጅ ወረቀቱን አገላብጣ "የእናንተማ ውድቅ ሆኗል" አለችኝ።

"ምን ሲባል? ያን ሁሉ ሰው!"

"ልዩ ቀን ነው የሚለው። ቀብር ስለነበረ አይቆጠርም።"

"የማን ቀብር?"

"እኔን ይጠይቁኛል እንዴ? ቆጣሪው ሐዘንተኛው ራሱ አሜን ብሎኛል ነው ያለው።"

መስኮቱን ይዤ ቀረሁ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "አይዞህ ወንድሜ" አለኝ። እሱም!

ላስረዳት ሞከርኩ። አስረዳኋት። እየሳቀች መሆኗን ለመደበቅ ጠረጴዛው ስር ጎንበስ አለች። "በሌላ ቀን ድጋሚ ይቆጠራል፣ ሳይነገራችሁ" ብላኛለች። መቼ? አይታወቅም።

ሰፈር ስገባ እንዴት ብዬ ልንገራቸው። ያደረግሁት ሁሉ… ንጹሕ ይለበስ ያልኩት እኔ። አትሳቁ ያልኩት እኔ። አሜን ያልኩት እኔ።

ረቡዕ፣ መስከረም 26

ነገርኳቸው። ፀጉር ቆራጩ ከሱቁ በር ላይ፣ "ጋሼ፣ ሟቹ እንዴት አደሩ?"

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9

አሁንም "ሟቹ እንዴት አደሩ?"። ሕፃናቱም ጀምረዋል። ልጅቷ ሦስት ቀን በተከታታይ ዘገየች። የመንገዱን ነገር አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 4

ፀጉሬ ጆሮዬን ሸፍኖት ነበር። እሱ ጋ ላለመሄድ ስል ነው ሳልቆረጥ የከረምኩት። ዛሬ ባለቤቴ "ከእኔ ጋር መንገድ አትሂድ" ስላለችኝ ገባሁ።

ጨርቁን አንገቴ ላይ ካሰረ በኋላ ነው፣ መሸሽ እንደማልችል ሲያውቅ፣ "ቆጣሪህ መጥቶ ነበር እኮ" ያለኝ።

"መቼ?"

"ባለፈው ሳምንት። ገና ስከፍት መጣ። እዚሁ አንተ የተቀመጥክበት ወንበር ላይ ሆኖ እስከ ምሳ ዋለ። ፀጉር ቆረጥኩት፣ ጺሙን ላጨሁት፣ አልነሳም አለኝ፣ ድጋሚ አረፋ ቀባሁት። መንገዱን በመስታወቱ ነው የሚያየው።"

መስታወቱን አየሁ። እውነትም መንገዱ በሙሉ ይታያል፣ ግራና ቀኙ ተገልብጦ። ወደ ታች የሚወርደው ሰው ወደ ላይ የሚወጣ ይመስላል።

"በኪሱ ያለች ነገር አለች፣ ሰው ባለፈ ቁጥር ቀጭ ያደርጋታል። አፉ አረፋ ስለሆነ አይናገርም። ጉንጩን ሳዞረው ሴትና ልጇ አለፉ። 'ኧረ ሁለት አመለጡህ' አልኩት።"

"አንተ? አንተ ነህ የነገርከው?"

"ታዲያስ።"

"አውቶቡሱን አልፈልግም እያልክ?"

"አልፈልግማ! እጄንም አላወጣም፣ አትልፋ። ግን ያለፈውን ሰው አላለፈም ልበል?" መቀሱን አቆመ። "ልጅህም ለከሰዓቱ ፈረቃ አለፈች። ጫማዋን በፌስታል ይዛ፣ በባዶ እግሯ። ዞር ብላ ሰላም አለችኝ። እሷ ላይ ሰውዬው ሁለቴ ቀጭ አደረገ መሰለኝ፣ አላረምኩትም።"

በመስታወቱ ውስጥ ተያየን። ከዚያ ማጅራቴን አበላሸው፣ እንደ ልማዱ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 16

ቁጥሩ በቅቷል! ከማዘጋጃ ቤት ተነገረ። እጅ የሚወጣው የሚቀጥለው ወር ነው።

እሁድ፣ ኅዳር 19

ልጅቷ ልብስ ስታሰጣ ነገርኳት። እርጥብ አንሶላው በመሃከላችን ነበር፣ ፊቷ አይታየኝም፣ ጥላዋ ብቻ። "ቁጥሩ በቅቷል እኮ፣ አውቶቡሱ ሊመጣ ነው" አልኳት።

ጥላዋ አንሶላው ላይ መቆንጠጫ ሰካ።

"አባዬ… ቢመጣም እወጣለሁ።"

"መንገዱ ነው ብለሽ አልነበር?"

"መንገዱም ነው። ግን መንገዱ ነው ያልኩህ እንዳይከብድህ ብዬ ነው።"

"ምን አጎደልንብሽ?"

"ምንም። ምንም አላጎደላችሁብኝም፣ እሱ ነው እኮ… ስመጣ መብራቱ በርቶ ይጠብቀኛል፣ እራቱ ተከድኖ ይጠብቀኛል፣ አንተ ሳል ሳል እያልክ ትጠብቀኛለህ። አንድ ቀን ማንም ሳይጠብቀኝ ገብቼ፣ እራቴን ሳልበላ መተኛት አማረኝ።"

"ማነው እራት ሳይበላ የሚተኛው?" አለች እናቷ ከውስጥ።

ልጅቷ ሳቀች። አንሶላው ተንቀሳቀሰ። እኔም መሳቅ ነበረብኝ… ሳቅሁ? አላስታውስም። የንፋሱን ሽታ ነው የማስታውሰው፣ የሳሙና።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 21

አሁን ለምን እከፍላለሁ?

አንደኛ፣
ሁለተኛ፣

አልመጣልኝም። ነገ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 9

ዛሬ እጅ ወጣ። ያው ክፍል፣ ያው ዴስክ፣ ያው ዝሆን።

ቀርተህ ቤትህ ተኛ ሲለኝ የነበረ ሌላ ሰው በውስጤ ነበር። ጠዋት ሱፌን ለበስኩ፣ ባለቤቴ አየችኝ፣ "ጥቁር?" አለችኝ። ሹራብ ቀየርኩ።

ፀጉር ቆራጩ በር ላይ ጠበቀኝ። ዛሬ አልቀለደም። "ልጅቷ ትወጣለች አሉ። ከሆነ አንተም እንደኔ ነህ ማለት ነው፣ ምን ያደርግልሃል?" አለኝ። እውነቱን ነው። አልፌው ገባሁ።

የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬ "የተስማማችሁ እጅ" አለ። መጀመሪያ ወንበሩ ብቻ ሲጢጥ ይላል። ከዚያ ከፊት ቁልፎች ተንሿሹ፣ የእማማ ቁልፍ እጅ ነው። ቀስ ብሎ ወጣ፣ ትንሽዬ እጅ፣ አልወረደም። እኔ ክፍያውን ነው ያሰብኩት። እሳቸው ከወንበር ጫፍ ላይ ስለሚቀመጠው ልጃቸው ሳያስቡ አልቀሩም።

ቀና ስል የእኔም እጅ ላይ ነው። መቼ አወጣሁት? ልጅቷን አሰብኩ ልበል? እሷን አይደለም… እሷን ነው። ቤቷ የትም ቢሆን በዚያ ድልድይ ነው የምትመጣው።

ሰውዬው መቁጠር ጀምሮ እኛ ጋ ሲደርስ ቆመ። "ከአንድ ቤት አንድ እጅ!"

ዞር ብዬ አየሁ። ባለቤቴም አውጥታለች።

"አንዳችሁ አውርዱ።"

"አንቺ አውርጂ" አልኳት።

"አንተ አውርድ፣ አንተ ሟች ነህ" አለችኝ።

ክፍሉ ፈነዳ። ፀጉር ቆራጩ እንኳ፣ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ትከሻው እስኪርገፈገፍ ሳቀ። ሰውዬው ተስፋ ቆርጦ አንድ ብሎ አለፈን። ማናችንም አላወረድንም።

ለጥቂት አለፈ። የቤት ግብራችን ሩብ ጨመረ። ሰው ለዚህ ያጨበጭባል? አጨበጨብን።

ቅዳሜ፣ ጥር 7

ወጣች። የጓደኛዋ ወንድም ትንሽ የጭነት መኪና ይዞ መጣ። ፍራሹን አሰርኩ። ሁለቴ አሰርኩት። የጫንነውን ልጽፍላት ፈለግሁ፣ "አባዬ፣ መጋዘን አይደለም እኮ" ብላ ወረቀቱን ወሰደችብኝ። መኪናው ጠባብ ስለሆነ ለእኔ ቦታ የለም።

ፍራሹ መንገዱ ላይ ሲርቅ አየሁት፣ ነጭ፣ እየተወዛወዘ፣ ጀልባ ይመስል ነበር። ድልድዩን ሲሻገር ትንሽ ሰመጠ፣ ከዚያ ተነሳ… ከዚያ የጡብ ፋብሪካው አጥር።

እናቷ ክፍሉን ጠረገች። የተጠረገ ክፍል ደግማ ጠረገች።

ሰኞ፣ ጥር 9

ሳይነጋ ነቃሁ። ባትሪዬን አነሳሁ። አስቀመጥኩ።

ዓርብ፣ መጋቢት 9

ማዘጋጃ ቤት ሄጄ የግብሩን ግማሽ ከፈልኩ። እማማ ቁልፍ ከፊቴ ተሰልፈው ነበር። ገንዘቡን በመሐረብ ቋጥረውታል። ቋጠሮው አልፈታ ብሏቸው እኔ ፈታሁላቸው።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 3

መጣ።

እንደ ሕልሜ አይደለም። ጎማ አለው፣ ጭስ አለው፣ ሲቆም እንደ ሰነፍ ሰው ይቃትታል። ሕፃናቱ አብረውት ሮጡ። አንዷ አሮጊት ጎኑን ዳሰሰችው፣ እንደ ላም።

ሥራ አረፈድኩ ብዬ አልቸኮልኩም፣ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ገባሁ። መስኮት ጋ ተቀመጥኩ። ጠጠር የለበሰው መንገድ ከስር ይንሿሿል፣ ሰዉ ዝም ብሏል፣ ገና ያልለመደ ሰው ዝምታ። ውሾቹን ከላይ አየኋቸው። ቀና ብለው አዩን፣ መጮሁን ረሱት። ድልድዩን እጠብቅ ነበር፣ ስንደርስ ለማየት… አልፈነዋል። መቼ? ያን ሁሉ ጭቃ፣ ያን ሁሉ ጠዋት፣ ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ አልፈነዋል። አንገቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፣ ሰው እንዳያየኝ።

"አስጠጋኝ" አለ አንድ ሰው። ፀጉር ቆራጩ!

"የማትሳፈርበት አልነበር?" አልኩት።

"ከፍያለሁ እኮ! የከፈልኩበትን ባልቀመጥበት ያንገበግበኛል።"

"የት ትሄዳለህ ታዲያ?"

"የትም። እስከ መጨረሻው ሄጄ እመለሳለሁ።"

ታች ስንደርስ ወረድኩ። እሱ አልወረደም። በመስኮቱ እጁን አውለበለበልኝ፣ ውጭ አገር እንደሚሄድ ሰው።

እሁድ፣ ግንቦት 7

መጣች። በአውቶቡሱ። በሰፈሩ ፌርማታ ላይ ስትወርድ አየኋት፣ ጫማዋ ንጹሕ፣ ብርቱካን በፌስታል ይዛ። ብርቱካን ለእኛ! እንግዳ ነው እኮ ብርቱካን የሚያመጣው። እናቷም ይሄን አስባለች መሰለኝ፣ ፌስታሉን ይዛ ትንሽ ቆመች።

በልተን ተቀመጥን። ወፍራለች ትንሽ። "እራት ሳትበይ ትተኛለሽ?" አልኳት። "አንዳንዴ" አለችኝ፣ አፈረች። ስለ በሽተኞቿ አወራች፣ ጓደኛዋ ሌሊት ሌሊት ስለምታንኮራፋው አወራች። አልቸኮለችም። ሰዓት አላየችም። ወንበሩ ላይ ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት፣ እኛም ዝም ብለን በየተራ አየናት። ከሰዓት በኋላው ፀሐይ እግሯ ላይ መጣ፣ ጉልበቷ ላይ ወጣ፣ ግድግዳው ላይ ሄደ። ቤቱ ሁሉ በቀስታ የሚሄድ ይመስል ነበር፣ እኛን ይዞ።

ስትነቃ ውሃ ጠማት። ጓዳ ገባች። ትንሽ ቆየችና "እማዬ፣ ብርጭቆ የት ነው?" አለች።

እናቷ መደርደሪያውን ካዛወረችው ቆይቷል። ሌላ ምንም ነገር አልነበረም። ግን ሁለታችንም አንድ ላይ ተነሳን።

ሊመሽ ሲል ፌርማታው ድረስ ሸኘኋት። እማማ ቁልፍ በር ላይ ነበሩ። አሁን ሰዉ በጊዜ ስለሚገባ ቁልፍ የሚያስቀምጥባቸው ጥቂት ነው፣ ሲነሱ የቁልፉ ድምፅ ቀንሷል። ልጃቸው እስካሁን አልመጣም። "በሚቀጥለው እሁድ ይሆናል" አሉን፣ ሳንጠይቃቸው።

ቆመን ጠበቅን። ልጅቷ ክንዴን ይዛለች። ዓመቱን ሙሉ ይሄን አውቶቡስ ቶሎ በመጣ እያልኩ ለፍቻለሁ። ዛሬ ትንሽ ቢዘገይ አልኩ። ጎማው ተንፍሶ፣ ሹፌሩ ተኝቶ፣ የሆነ ነገር…

በሰዓቱ መጣ። ሳመችኝ። "አባዬ፣ ብርድ ነው፣ ግባ" አለችኝ፣ በእናቷ ድምፅ። ገባች። መስኮቱ በርቶ ሄደ።

የዚህ ዓመት የቤት ግብር የመጀመሪያው ግማሽ ተከፍሏል። ሁለተኛው ግማሽ እስከ ሰኔ መጨረሻ ነው፣ ገና አልተከፈለም።